በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች ኮምፒውተርንና ሰርቨርን በጽሑፍ መግለጫ ስለ ማስተዳደር

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በኢሉባቦር ከተሞች በትምህርት ቤት፣ በጤና ድርጅትና በመሥሪያ ቤት ያሉት ኮምፒውተሮችና ሰርቨሮች በምን ዐይነት ቢያዙ አገልግሎታቸው ሳይቋረጥ ሊቈይ እንደሚችል ነው። ከተሞቹም መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ ቡሬና በደሌ ናቸው። በደሌ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ከተማ ብትሆንም በመንገድም በንግድም ከመቱ ጋር የተያያዘች ስለ ሆነች ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ቈጥረናታል።

የምንገልጸው ዘዴ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ምን ሆኖ መገኘት እንዳለበት በአንድ ጽሑፍ ይገለጣል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ፕሮግራም ጽሑፉን አንብቦ ኮምፒውተሩን በጽሑፉ እንደ ተገለጠው ያደርገዋል። ይህ ዘዴ በውጭ አገር ብዙ ሺሕ ሰርቨር ባላቸው ድርጅቶች ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ለእነርሱ ብቻ የተሠራ ይመስላል። የእኛ አሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኮምፒውተሮቹ ጥቂቶች፣ እነርሱን የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ከዚያ ይልቅ ጥቂቶች በሆኑበት አገር ዘዴው የበለጠ ይጠቅማል እንላለን። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለኮምፒውተር አያያዝም ይሠራል።

ስለዚህ አስቀድመን የቦታውን ሁኔታና ችግሩን፣ ቀጥለንም ሦስቱን የአያያዝ መንገዶች፣ የዘዴውን ታሪክና አሠራር፣ በመጨረሻም ዘዴው የሚጠይቀውን ዋጋና ሊደረግ ይገባል የምንለውን በየተራ እናቀርባለን።

የቦታው ሁኔታና የችግሩ ምክንያት

መቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ እርስዋ የሚያደርሰው መንገድ በጅማ ወይም በነቀምቴ ዞሮ በበደሌ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው መቱ ዩኒቨርሲቲ በዚህችው ከተማ ይገኛል፤ በበደሌም ካምፓስ አለው። መቱ ካርል ሆስፒታልም የሚያገለግለው የከተማውን ሰው ብቻ ሳይሆን ከዙሪያው ወረዳዎች የሚመጣውን ሕመምተኛ ጭምር ነው። የተማሪው ውጤት፣ የመድኃኒቱ መዝገብ፣ የግብር ከፋዩ ሒሳብ፣ የቡና ነጋዴው ደረሰኝ ሁሉ ዛሬ በኮምፒውተር መያዝ ጀምሯል። ስለዚህ ኮምፒውተር ሲቆም የሚጐዳው ባለሙያው ብቻ አይደለም፤ በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ የቆመው ባለጉዳይም ይጐዳል።

ኮምፒውተሮቹን ለማቆም ምክንያት የሚሆኑት ነገሮች ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም ሦስቱን ዋና አድርገን ወስደናል።

የመጀመሪያው የሰው መዘዋወር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሩን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ይህም ሰው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ከምናውቃቸው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። ሰርቨሩን ያቆመው ሠራተኛ ከተዛወረ በኋላ የሰርቨሩ ዲስክ ተበላሸ። መዝገቡ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ ስለ ነበር አልጠፋም፤ ነገር ግን ፕሮግራሞቹ በየትኛው ቍጥር እንደ ተጫኑ፣ አንዱ ከሌላው ጋር በምን እንደ ተያያዘ፣ የትኛው በር እንደ ተከፈተ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ሠራተኛው በስልክ እየተጠየቀ ከትዝታው ሲመልስ፣ መሥሪያ ቤቱ ለብዙ ሳምንታት ወደ ወረቀት መዝገብ ተመለሰ። መዝገቡ ሳለ መዝገቡን የሚያነብ ኮምፒውተር መሥራት አለመቻሉ ልብ ሊባል ይገባል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነው። በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው የውሃ ኀይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረ ሲሆን ኀይሉ 5 ሜጋ ዋት ነው። የኢሉባቦር ምድር፣ በተለይም ጎሬ፣ ዝናብ እጅግ የሚበዛበት አገር ነው፤ ነጐድጓድና ነፋስ በመጣ ጊዜ መብራት መቋረጡ የተለመደ ነው። መብራቱ የሚጠፋው ኮምፒውተሩ አዳዲስ ፕሮግራሞችን በመጫን ላይ ሳለ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሊቀርና ዳግመኛ አልነሣም ሊል ይችላል።

ሦስተኛው የኢንተርኔት ቅጥነት ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ ከመሆኑም በላይ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል በመላው ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። እንደዚህ ባለው ጊዜ የተበላሸን ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ ማቃናት ወይም የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ማውረድ አይቻልም።

ዕቃው መጥቶ የዕቃው ጠባቂ አብሮ አለመምጣቱ በአገራችን የዛሬ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ብዙዎቻችን በትምህርትም በወሬም እናውቀዋለን። የሳተላይት መቀበያውና ቴሌቪዥኑ ተተክሎ ሲያበቃ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ በአቅራቢያው ያልነበረበት ትምህርት ቤት ጥቂት አልነበረም።

ሦስቱ የአያያዝ መንገዶች

አንባቢ እንዲረዳው አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጎሬ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ኮምፒውተሮች ያሉት የኮምፒውተር ክፍል አለው እንበል። መምህሩ ኮምፒውተሮቹን በሦስት መንገድ ሊያሰናዳቸው ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ የእጅ ሥራ ነው። መምህሩ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ የአማርኛ ፊደል ይጭናል፣ የተማሪውን ስም ያስገባል። በሰባተኛው ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፤ በዐሥራ አንደኛው ላይ አንድ ነገር ይዘላል። በዓመቱ መጨረሻ 20ዎቹ ኮምፒውተሮች በመልክ አንድ፣ በጠባይ 20 ዐይነት ሆነው ይገኛሉ። አንዱ የሚያትመውን ጽሑፍ ሌላው አያትመውም፤ ምክንያቱንም የሚነግር የለም።

ሁለተኛው መንገድ ትእዛዞቹን በተራ ጽፎ ኮምፒውተሩ እንዲፈጽማቸው ማድረግ ነው። «ይህን ፕሮግራም ጫን፣ ቀጥሎ በዚህ ፋይል መጨረሻ ይህን መስመር ጨምር፣ ከዚያም ይህን አገልግሎት አስነሣ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ «ስክሪፕት» ይባላል። ይህ ከእጅ ሥራ እጅግ ይሻላል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የሚናገረው መንገዱን እንጂ መድረሻውን አይደለም። መብራት ጠፍቶ መካከል ላይ ቢቆምና እንደ ገና ከመጀመሪያ ቢፈጸም፣ ተጨምሮ የነበረው መስመር ሁለተኛ ጊዜ ሊጨመር ይችላል። ትእዛዙ የተጻፈው ለአዲስ ኮምፒውተር ከሆነ፣ አንድ ዓመት በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

ሦስተኛው መንገድ መድረሻውን መግለጽ ነው። መምህሩ ለ20ዎቹ ኮምፒውተሮች አንድ መግለጫ ይጽፋል። እውነተኛው ጽሑፍ በላቲን ፊደልና በልዩ ሥርዐት የሚጻፍ ቢሆንም ትርጕሙ እንዲህ ያለ ነው።

የሰዓት ክልል፦ አፍሪካ፣ አዲስ አበባ።
ፊደላት፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ።
የቍልፍ ሰሌዳ፦ ለአማርኛ የግዕዝ ፊደል፣ ለአፋን ኦሮሞና ለእንግሊዝኛ የላቲን ፊደል።
ፕሮግራሞች፦ ሊብረኦፊስ፣ ፋየርፎክስ።
ተጠቃሚ፦ «ተማሪ» የሚባል፤ ፕሮግራም ለመጫን ሥልጣን የሌለው።
ፋየርዎል፦ የሚሠራ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ጫን» ወይም «ጨምር» የሚል ቃል እንደሌለ አንባቢ ይመልከት። ጽሑፉ «እንዲህ ሆኖ ይገኝ» ይላል እንጂ እንዴት እንደሚደረስበት አይናገርም። እንዴት እንደሚደረስበት የሚያስበው ፕሮግራሙ ነው። በእንግሊዝኛ የሁለተኛው ዐይነት አጻጻፍ «ኢምፔራቲቭ»፣ የሦስተኛው «ዴክላሬቲቭ» ይባላል። እኛም ሁለተኛውን የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ሦስተኛውን የመግለጫ ጽሑፍ ብለነዋል።

ልዩነቱን ከአገራችን ንግድ በተወሰደ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በቡሬ በኩል በበቅሎ ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይላክ ነበር። እንዲህ ባለው ንግድ ላይ ከጭነት ጋር የሚሄድ ዝርዝር የሚጠቅመው የጆንያውን ቍጥርና ክብደት በመናገሩ ነው። ተቀባዩ ዝርዝሩን በአንድ እጁ ይዞ ጭነቱን ይቈጥራል፤ የጐደለ ካለ ይጠይቃል፤ ሁሉ ልክ ከሆነ ምንም አያደርግም። ነጂው በየትኛው ጥላ ሥር እንዳረፈ ተቀባዩን አያሳስበውም። የመግለጫ ጽሑፍም እንደዚሁ ነው። ፕሮግራሙ መግለጫውን ከኮምፒውተሩ ጋር ያስተያያል፤ የጐደለውን ይሞላል፤ ልክ የሆነውን ይተዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቢታዘዝም ዐሥር ጊዜ ቢታዘዝም ውጤቱ አንድ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ሥራን ያለ ፍርሃት መድገም መቻል ትልቅ ጥቅም ነው።

የዘዴው ታሪክ

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ማርክ በርጀስ በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሲኤፍኤንጂን የሚባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በርጀስ በትምህርቱ የፊዚክስ ሰው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተሮች ልዩ ልዩ ዐይነት ስለ ነበሩ ለእያንዳንዱ የተለየ የትእዛዝ ጽሑፍ ከማዘጋጀት ይልቅ ሁሉም ሊደርሱበት የሚገባውን ሁኔታ መግለጽ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፓፔት፣ በ2009 ሼፍ፣ በ2012 አንሲብል ተከተሉ። ከእነዚህ አንሲብል በሚተዳደረው ኮምፒውተር ላይ የራሱን ቋሚ አገልጋይ ፕሮግራም መጫን ስለማያስፈልገው ለጀማሪ ቀላል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ስቲቭ ትራውጎት ከባልንጀራው ጋር ባቀረበው ጽሑፍ የኮምፒውተርን አያያዝ በሦስት ከፈለው። አንደኛው ኮምፒውተሮቹ በየዕለቱ ከታሰበው እየራቁ የሚሄዱበት ነው፤ ይህ የእጅ ሥራ ነው። ሁለተኛው ወደ ታሰበው እየቀረቡ የሚሄዱበት ነው፤ ሲኤፍኤንጂን፣ ፓፔትና አንሲብል በዚህ ይመደባሉ። እነዚህ በጽሑፉ የተጠቀሰውን ያስተካክላሉ፤ ያልተጠቀሰውን ግን አይነኩም። በጎሬው ትምህርት ቤት አንድ ሰው በእጁ ሌላ ፕሮግራም ቢጭን መግለጫው ስለማያነሣው በዚያው ይኖራል። ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ከመሠረቱ ከጽሑፉ ብቻ የሚሠራበት ነው። በጽሑፉ የሌለ በኮምፒውተሩም አይኖርም።

ወደዚህ ወደ ሦስተኛው የሚቀርበው ኒክስ የሚባለው ነው። በኔዘርላንድስ በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ኤልኮ ዶልስትራ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምሮት በ2006 የዶክትሬት ጽሑፉን በእርሱ ላይ አቀረበ። በዚሁ ላይ የተመሠረተው ኒክስኦኤስ ሙሉ የሊኑክስ ሥርዐት ነው፤ ከቀላሉ የሰዓት ክልል ጀምሮ እስከ ሰርቨሩ አገልግሎቶች ድረስ ሁሉን ከአንድ መግለጫ ይሠራል። ጊክስ የሚባለውም እ.ኤ.አ. በ2012 በዚሁ አሳብ ላይ ተመሥርቶ ወጣ። ኒክስ፣ ኒክስኦኤስና ጊክስ በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ለፈቃድ የሚከፈልባቸው ገንዘብ የለም።

አሠራሩና የመብራት መጥፋት

ኒክስ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስለሚሰጠው ጥቅም ጥቂት በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል።

በተለመደው አሠራር አዲስ ፕሮግራም ሲጫን በአሮጌው ቦታ ላይ ይጻፋል። ይህም አሮጌውን ቤት እያፈረሱ በዚያው ቦታ አዲስ እንደ መሥራት ነው፤ ሥራው መካከል ላይ ቢቆም ባለቤቱ ቤት የለውም። ኒክስ ግን አዲሱን ከአሮጌው ጎን ለብቻው ይሠራዋል። እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንድ ትልቅ ጎተራ ውስጥ የራሱ ክፍል አለው፤ የክፍሉም ስም ፕሮግራሙ ከተሠራባቸው ነገሮች ሁሉ በስሌት የሚገኝ ረጅም ምልክት አለበት። ከተሠራባቸው ነገሮች አንዱ ቢለወጥ ምልክቱም ይለወጣል፤ ስለዚህ አዲሱ አሮጌውን ሊደመስሰው አይችልም። ሁሉ ነገር ተሠርቶ ሲያበቃ «ከእንግዲህ ሥራ ላይ ያለው ይህ ነው» የሚለው አመልካች በአንድ ጊዜ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዞራል።

ከዚህ የተነሣ መብራት ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወይ ሙሉውን አሮጌ ወይ ሙሉውን አዲስ ያገኛል፤ ግማሽ በግማሽ የሆነ ነገር አያጋጥመውም። እኛም ይህን ለመመልከት በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ለውጡ በመካሄድ ላይ ሳለ ባትሪውን አውልቀን ኀይሉን ቈርጠን ነበር። ላፕቶፑ በአሮጌው ቅንብር ተነሣ፤ ትእዛዙንም ስንደግመው ወርደው ያለቁትን ሳያወርድ ከቀረው ቀጠለ። ኢንተርኔት በሜጋባይት እየተቈጠረ በሚገዛበት አገር ይህ ደግሞ ሁለተኛ ጥቅም ነው።

ሌላው ነገር መመለስ መቻሉ ነው። አዲሱ ቅንብር ተሠርቶ ቢያስቸግር፣ ኮምፒውተሩ በሚነሣበት ጊዜ ከሚታየው ዝርዝር ውስጥ የትናንቱን መርጦ መግባት ይቻላል። ይህን ለማድረግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ቡሬ ላለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በስልክ «ሁለተኛውን መስመር ምረጥ» ማለት ይበቃል። አሮጌዎቹ ቅንብሮች ዲስኩን እንዳይሞሉት ግን በየጊዜው የቈዩትን ማጥፋት ይገባል።

መግለጫው ተራ ጽሑፍ ስለ ሆነ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 በሠራው በጊት መዝገብ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ጊት ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ ይመዘግባል፤ ለዋጩም ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ዓመት ቈይቶ የሚመጣው አዲስ ሠራተኛ «ይህ በር ለምን ተከፈተ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ከመዝገቡ ያገኘዋል። ይህም ከላይ ላነሣነው ለመጀመሪያው ችግር፣ ለሰው መዘዋወር፣ ዋናው መድኀኒት ነው። በመግለጫው ውስጥ ማብራሪያ መጻፍም ይቻላል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ ማብራሪያውን በአማርኛ ለመጻፍ የሚከለክል ነገር የለም፤ በቁቤ በአፋን ኦሮሞ መጻፍም እንዲሁ። ማብራሪያው ተረካቢው በሚያስብበት ቋንቋ መጻፉ ርክክቡን ያቀለዋል።

ስለ ተማሪው የግል ኮምፒውተር

ዘዴው ለሰርቨር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ተማሪ ላፕቶፑ ቢወድቅበት ወይም ቢሰረቅበት፣ የተበደረውን ወይም በሁለተኛ እጅ የገዛውን ኮምፒውተር እንደ ቀድሞው አድርጎ ለማሰናዳት ብዙ ቀን ይፈጅበታል። ፊደሉን፣ የቍልፍ ሰሌዳውን፣ ለስታቲስቲክስ ትምህርት የሚያስፈልገውን አር የሚባለውን ፕሮግራም፣ የራሱን ልማዶች ሁሉ አንድ በአንድ ማስታወስ አለበት። መግለጫው ግን ጥቂት ገጽ ጽሑፍ ስለ ሆነ በፍላሽ ዲስክ ወይም በኢሜይል ይቀመጣል፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲታዘዝ አሮጌው ይመለሳል።

ከዚህም ሌላ ለጥናት ሥራ የሚሰጠው ጥቅም አለ። ሁለት ተማሪዎች አንዱን ስሌት በሁለት ኮምፒውተር ሠርተው ሁለት ውጤት ቢያገኙ፣ ስሕተቱ በስሌቱ ይሁን በፕሮግራሞቹ ቍጥር መለየት ይቸግራል። የፕሮግራሞቹን ቍጥር አጥብቆ የሚያስር የመግለጫ ጽሑፍ ከጥናቱ ጋር ቢያያዝ፣ መምህሩም ሆነ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪ ጥናቱ በተሠራባቸው ፕሮግራሞች ስሌቱን ሊደግመው ይችላል። በእኛ አሳብ ይህ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ከሁሉ የቀረበው ጥቅም ነው።

ዘዴው የማይሠራውና የሚጠይቀው ዋጋ

ጥቅሙን ብቻ ተናግሮ ዋጋውን መደበቅ ተገቢ አይደለም።

አንደኛ፣ መግለጫው ኮምፒውተሩን እንጂ መዝገቡን አይመልስም። ለምሳሌ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የጤና መረጃ ፕሮግራም ጃቫን፣ ቶምካትንና ፖስትግሬስኪውኤልን ይፈልጋል። የእነዚህ ቅንብር በመግለጫ ሊያዝ ይችላል፤ የሕሙማኑ ቍጥር ግን በየዕለቱ በሌላ ዲስክ መገልበጥ አለበት። መግለጫና ግልባጭ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃል በመግለጫ ውስጥ መጻፍ የለበትም። የኒክስ ጎተራ በኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ሁሉ የሚነበብ ስለ ሆነ ምስጢር በዚያ አይኖርም፤ ሶፕስን በመሰለ መሣሪያ በምስጢር ጽሕፈት ተቈልፎ ለብቻው ይያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ ኒክስኦኤስ ሊኑክስ ነው። ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ግን በዊንዶውስ ይሠራሉ፤ የሒሳብ ሠራተኛውም የለመደው ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ነው። እነዚህን በአንድ ቀን ለመለወጥ መሞከር ሥራን ያውካል። ለእነርሱ አንሲብል ወይም ማይክሮሶፍት ራሱ ያወጣው ዲኤስሲ የሚባለው መሣሪያ ሊያገለግል ይችላል፤ ከሦስተኛው ደረጃ ባይደርሱም ከእጅ ሥራ ይሻላሉ።

አራተኛ፣ ትምህርቱ ከባድ ነው። ኒክስ የራሱ ቋንቋ አለው፤ መማሪያውም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ስሕተት ሲኖር የሚሰጠው መልስ ለጀማሪ ግልጥ አይደለም። በአንድ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ኒክስን ተምሮ ሁሉን በእርሱ ቢያስይዝ፣ ያ ሰው ሲሄድ የሚወርሰው ሰው ጽሑፉን ማንበብ ካልቻለ ችግሩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዎች አብረው ሳይማሩ መጀመር አይገባም።

አምስተኛ፣ የሚወርደው ነገር ብዙ ነው። ለአንድ የተሟላ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ጥቂት ጊጋባይት ያስፈልጋል፤ ይህ በ20 ሲባዛ ለቀጭን ኢንተርኔት የማይቻል ይሆናል። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው። ኒክስ አንድ ጊዜ የወረደውን ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከውጭ ዲስክ መቀበል ይችላል። የሚያስፈልገው ሁሉ በመቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቢወርድ፣ በዲስክ ተገልብጦ በአውቶቡስ ወደ ጎሬ ወይም ወደ ያዮ ሊሄድና ያለ ኢንተርኔት ሊጫን ይችላል። በ2012 ዓ.ም. እንደ ሆነው ኢንተርኔት ለሳምንታት ቢጠፋም ዲስኩ በእጅ ላለ ሰው ሥራው አይቆምም።

ምን ቢደረግ ይሻላል

ከላይ ከተነገረው ተነሥተን አራት ነገሮች እናቀርባለን፤ ሁሉም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ አንዱን ሰርቨር መርጦ ምን እንደ ተጫነበትና እንዴት እንደ ተቀናበረ በወረቀት ላይ እንኳ ቢሆን ይጻፍ። ኮድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምን እንዳለው ያልጻፈ መሥሪያ ቤት በመሣሪያ ብቻ ሥርዐት አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ሥራው ከቀላሉ ይጀመር። የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ለዚህ የተመቸ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ አንድ ዐይነት ናቸው፣ ቢሳሳቱም የሰው መዝገብ አይጠፋም። የሆስፒታል ሰርቨር የመጀመሪያ መለማመጃ መሆን አይገባውም።

ሦስተኛ፣ መቱ ላይ አንድ የጋራ ኮምፒውተር የፕሮግራሞች ጎተራ ሆኖ ቢቀመጥ በዙሪያው ያሉት ከተሞች ከእርሱ ይወስዳሉ። ይህን ለማቆም አዲስ ሰርቨር መግዛት አያስፈልግም፤ ትልቅ ዲስክ ያለው አሮጌ ኮምፒውተርና መብራት ሲጠፋ በሥርዐት እስኪዘጋ ድረስ የሚያቆየው ዩፒኤስ ይበቃሉ።

አራተኛ፣ የርክክብ ሥርዐት ይለወጥ። በአገራችን ከመሥሪያ ቤት የሚለቅ ሠራተኛ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና ቍልፉን በዝርዝር ቈጥሮ ያስረክባል፤ ሳያስረክብ መልቀቂያ አይሰጠውም። ሰርቨር የያዘ ሠራተኛ ግን ኮምፒውተሩን እንደ አንድ ዕቃ አስቈጥሮ ይሄዳል፤ በውስጡ ያለውን የሚጠይቀው የለም። የቅንብሩ መግለጫ በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ቢገባ፣ ተረካቢውም መግለጫውን በባዶ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮ ሰርቨሩ መነሣቱን ካየ በኋላ ቢፈርም፣ በብዙ ድካም የተገኘው ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር አይሄድም። ከእኛም መካከል በኢሉባቦር ከተሞች ለሥራ የሚመደቡ ብዙዎች ስለሚሆኑ፣ መጀመሪያ የሚረከቡትን ኮምፒውተር ሲረከቡ ይህን መስመር ራሳቸው ቢጠይቁ ሥርዐቱ ከዚያ ይጀመራል።